ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ እታፈራሁ» አለ በሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። በር መሆኑን ዘንግታው አይደለም፤ ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ስላልለመደባት ነው።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ዳንታሞ። የጠዋት ልጥፍዎን አልወሰዱም።»

«አልወስድም» አለ ከኋላዋ የቆመው ግዙፍ ሰው። ጥርሱ ከጥርሱ ይጋጫል። ገና ጎህ አልቀደደም፤ ቢሆንም አዳማ ጥርስ የሚያፋጭ ብርድ ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እኔ» አለች እታፈራሁ።

«ተመዝግቧል። መልካም የሥራ ቀን።»

ከኋላቸው የተሰለፉት ሠራተኞች ተራ በተራ አንገታቸውን ወደ በሩ ያስጠጋሉ። በሩ አረንጓዴዋን ልጥፍ ከጆሯቸው ሥር ለጠፍ ያደርግና ያሳልፋቸዋል። አረንጓዴዋ በወረቀት ስሟ «ንቃት» ናት። ሠራተኛው ግን በርጫ ይላታል፤ አያቶቹ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ቅጠል ይቅሙ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ስም ነው። ማታ ሲወጡ ያችን የሚነቅልና ሰማያዊዋን የሚለጥፍ ሌላ በር አለ። ሰማያዊዋ በወረቀት «ዕረፍት» ትባላለች። ሠራተኛው ጨብሲ ነው የሚላት፤ ያኔ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ ይጠጣ በነበረው መጠጥ። ቅጠሉንም መጠጡንም በዓይኑ ያየ ሰው ከገመድ ክፍሉ ሽማግሌ ከጋሽ ቢራቱ በቀር በግንባታው ሳይት ላይ የለም። ስሞቹ ግን ቀርተዋል።

አረንጓዴዋን የለጠፈ አይደክመውም፤ አይርበውም፤ ከሁሉ በላይ ከፍታ አይፈራም። ሰማያዊዋን የለጠፈ ይተኛል። የቀረው ሕይወት በሁለቱ በሮች መካከል ያለች ነገር ናት። አንዳንዱ ሰው ከዚህ የተለየ ቀን ኖሮ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ትንሽ አስቦ፣ «ልጅ እያለሁ» ይላል።

ጋሽ ቢራቱ የገመድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ባለች በርጩማ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር።

«ደግሞ መጣችሁ? እኔ እኮ ዛሬስ ጠፍቶባት ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ።

«የት ልጥፋ፣ ጋሽ ቢራቱ? እግሬ ራሱ አልታዘዝ ብሎኛል» አለ ዳንታሞ።

«እግርህማ ታዟል። አየሁት፣ እስክስታ እየወረደ ነው።» አጎንብሰው የገመዱን አንድ ጫፍ በዳንታሞ ቀበቶ፣ ሌላውን በእታፈራሁ ቀበቶ ላይ ቋጠሩ። ቋጠሮውን የሚያስሩት በእጃቸው ነው። መንጠቆ አይወዱም። «መንጠቆ ማን እንዳሰረው አያውቅም» ይላሉ።

ይህ ልማድ የሳቸው ነው፤ ወይም እሳቸው እንደሚሉት የአባቶቻቸው ነው። በጥንት ጊዜ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ጋሽ ቢራቱ ይህን ከአያታቸው ሰምተው ነበር። አንድ ቀን ልጥፍ ለመተው የሚታገል አንድ ልስን ሠራተኛ ሲያለቅስ አይተው፣ ገመድ ቆርጠው ከጓደኛው ጋር አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ልጥፍ የሚተው ሰው ሁሉ ከንጹሕ ሰው ጋር ቁራኛ ይገባል። ድርጅቱ ነገሩን አልፈቀደም፣ አልከለከለም። የኢንሹራንሱ ሰዎች ልጥፍ የሌለው ሰው ብቻውን ከፍታ ላይ መውጣት የለበትም ስላሉ፣ በሩ አንዲት ጥያቄ እንዲጨምር ተደረገ። በቃ።

ዳንታሞ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አንገቱን ለበሩ መልሶ ሰጥቷል። የመጀመሪያው ቁራኛው አገር ለቆ ሄደ። ሁለተኛው «ይዞኝ ሊወድቅ ነው» ብሎ ገመዱን ለጋሽ ቢራቱ መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ልተው ሲል የሚይዘው ጠፋ፤ ሠራተኛው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ያኔ ነው እታፈራሁ ከመካከል ወጥታ «እኔ እይዘዋለሁ» ያለችው።

ጋሽ ቢራቱ ቆባቸውን አወለቁ። ሌሎቹም አወለቁ። እታፈራሁ የዘሪሁን ሚስት ናት፤ ዘሪሁን ደግሞ የዳንታሞ የሥራ ጓደኛ ነበር፤ ከዚህ ሕንጻ ላይ ወድቆ የሞተው።

«ንጹሕ ነሽ አይደል፣ ልጄ?» አሏት።

«በርጫ አስነክቼ አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነበር።

*

ግድግዳውን የሚያቆሙት ሸረሪቶቹ የሚባሉት ባለብዙ እግር ማሽኖች ናቸው። ሌት ተቀን ዝም ብለው እየዞሩ አርማታውን ይሸምኑታል። አንዳንድ ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ሌላ ፎቅ ተጨምሮ ያገኘዋል። የሸመኑት ግድግዳ ግን እንደ ሰፌድ ስፌት መስመር መስመር ሆኖ ነው የሚቀረው። ቤቱን የሚገዙት ሰዎች ደግሞ በሰው እጅ የተለሰነ ግድግዳ ይፈልጋሉ፤ መዳፋቸውን አሳርፈውበት የሌላ ሰው መዳፍ ያለፈበት እንዲመስላቸው። ስለዚህ ሰው አሁንም ከሰገነቱ በገመድ በተንጠለጠለችው ጠባብ መቆሚያ ላይ ቆሞ ይወጣል። መቆሚያዋን ዥዋዥዌ ይሏታል።

ዥዋዥዌዋ ስትነሣ ዳንታሞ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ስንተኛው ደረስን?»

«ገና ከመሬት አልተላቀቅንም፣ ወንድምዓለም።»

«ውሸታም።»

«ግለጥና እይ።»

ገለጠ። የከተማዋ መብራት ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ነበር። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» ብሎ መልሶ ጨፈነ፤ ገመዱም በመካከላቸው እንደ ክራር ክር ይርገበገብ ጀመር። የሚርገበገበው ከዳንታሞ ጫፍ ነው። በእታፈራሁ ጫፍ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሠራተኛው ሁሉ ይህን ያደንቃል። በርጫ የማትለጥፍ፣ ከፍታም የማትፈራ ሴት! ዘሪሁን በሕይወት እያለ ከታች ሆና ልስኑን ታቦካ ነበር፤ መሰላል ላይ እንኳ ስትወጣ ታይታ አትታወቅም። እሱ ከሞተ በኋላ የልስን ማንኪያውን አንሥታ ወደ ቦታው ወጣች። «ሐዘን አጀገናት» አሉ። በሩ ዳንታሞን የሚጠይቀውን ጥያቄ እሷን ለምን እንደማይጠይቃት ያሰበ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘሪሁን የሞተ ዕለት ድርጅቱ ለቤተሰቡ የሐዘን ድጋፍ ላከ። የሐዘን ድጋፍ ሰማያዊ ናት፤ ግን ከማታዋ ትረዝማለች፤ ከአንገት ሥር፣ ልብስ በሚሸፍነው ቦታ ትለጠፋለች፤ ቀንም ሌትም ትሠራለች። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ እታፈራሁ ለሰው ሁሉ ቦታ እያሳየች፣ ማን እንደበላ ማን እንዳልበላ እየጠየቀች ትዞር ነበር። ድጋፏ እስከ አርባው ናት። ከአርባው በኋላ የማታው በር «ይቀጥል?» ብሎ ጠየቃት። «ይቀጥል» አለች። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይጠይቃታል። በየማታው ትመልሳለች። እንደዚያ ነው የኖረችው።

አያምም። ሐዘኑ አለ፤ ግን ከመስታወት ወዲያ እንዳለ ዕቃ ነው፤ ታየዋለች፣ አትነካውም። «ዘሪሁን» የሚለውን ስም የአውቶቡስ ፌርማታ ስም እንደሚጠራ ሰው ልትጠራው ትችላለች። አንዳንድ ነገር ግን ጎድሎባታል። ዘሪሁን አንድ ግድግዳ ለስኖ ሲጨርስ በማንኪያው እጀታ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋትና «በርቺ» ብሎ ይሰናበታት ነበር፤ ሰው ትቶ እንደሚሄድ። ቃሉን ታስታውሳለች። ድምፁን ግን ማምጣት አቅቷታል።

ቁራኛ መሆን ያለበት ንጹሕ ሰው ነው። ይህን ታውቃለች። ጋሽ ቢራቱ ስለ በርጫ ብቻ እንደጠየቋት አድርጋ መልሳለች። ስለ ሰማያዊዋ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ እንቅልፍ ያጣ ነበር። እሷ ግን ሰማያዊዋ ስላለች ትተኛለች።

*

ልጥፍ የተወ ሰው በየምክንያቱ ያለቅሳል። ለዓመታት የተዘጋው ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ዝገቱን ነው የሚያወጣው፤ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። ዳንታሞ ፍየል መንገድ ስታቋርጥ አይቶ አልቅሷል። የሎሚቱ፣ የሚስቱ ማለት ነው፣ ነጠላ ጫማ አንዷ ተገልብጣ አይቶ አልቅሷል። አንድ ረፋድ ከሕንጻው ሥር ሽንኩርት የጫነ መኪና ሲያልፍ ትኩር ብሎ አየና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ ገና አልተላጠም!» ብሎ ጮኸበት አንዱ።

«ተውት፣ እሱ ቀድሞ እየላጠ ነው» አለ ሌላው።

«ሳቁ፣ ሳቁ። እናንተ እኮ እናታችሁ ብትሞት ‹ምሳ ስንት ሰዓት ነው?› ነው የምትሉት» አለ ዳንታሞ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ።

ሳቁ። አረንጓዴዋ ሳቅ አትከለክልም። እታፈራሁም ሳቀች፤ የሚበቃውን ያህል።

ፀሐይ ስትበረታ ብረት አይነካም፤ ያኔ ሥራ ይቆማል። ሠራተኛው በሕንጻው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ይጋደማል። ጥላው ሲዞር የተኛውም ሳይነቃ ካርቶኑን እየጎተተ አብሮ ይዞራል። ዳንታሞና እታፈራሁ በገመዳቸው እንደተያያዙ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሎሚቱ ለሁለቱም የሚበቃ ቆጮ በአንድ ዕቃ ትልካለች። ዳንታሞ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጎመኑ አፉ ሳይደርስ ይበተናል። እታፈራሁ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች።

«አሁን ዘሪሁን ቢያየን ምን ይል ነበር?» አለ አንድ ቀን እያላመጠ።

«ምን ይላል?»

«‹ሚስቴ እኔን ሳታጎርስ ይሄን ጎሽ ታጎርሳለች!›»

«አጎርሰው ነበር።»

«የታባቱ! ‹ጣቴን ነከሰኝ ብላ ተወችኝ› ብሎኛል።»

እታፈራሁ ዘሪሁን ጣቷን እንደነከሳት አስታወሰች። የት እንደነበሩ፣ ምን እንደበሉ፣ ሁሉ መጣላት። ምን እንደተሰማት ግን አልመጣም። ሌላ ጥቅል አዘጋጀች።

«እታለም» አለ ዳንታሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አንቺን እያየሁ ነው የቆምኩት፤ ይሄን እወቂው። ማታ ማታ ሰውነቴ ሲበላኝ፣ ‹ያቺ ሴት ባሏን ቀብራ፣ ምንም ሳትለጥፍ፣ በየቀኑ እዚያው ግድግዳ ላይ ትወጣለች፤ አንተ ምን ሆንክ?› እላለሁ። ይሄ ካልሆነልኝ ደግሞ አራተኛ ገመድ የለም።»

እሷ ግን «ብላ» አለችው።

*

ነፋሱ የመጣው ሳይታሰብ ነው። አዳማ ነፋስ ብርቋ አይደለም፤ ከድሮ ጀምሮ የምትታወቀው በሱ ነው። ይህኛው ግን በስተምሥራቅ ካለው ሜዳ አቧራውን እንደ መጋረጃ አንሥቶ መጣ። ዥዋዥዌዋ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተወዘወዘችና ከግድግዳው ጋር ተላተመች። የልስኑ ገንዳ ተገለበጠ። ከላይ ያለው ማንሻ ማሽን «ነፋሱ እስኪበርድ በያላችሁበት ቆዩ» አለና ቆለፈ።

ዳንታሞ ተንበረከከ። ከዚያ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። ጣቶቹ የብረቱን መረብ ይዘው ነጡ።

«እታለም» አለ። «ልሞት ነው።»

«አትሞትም። ታስረናል።»

«ዘሪሁንም ታስሮ ነበር!»

ይህ እውነት አልነበረም። ዘሪሁን ቀበቶውን ፈትቶ ነበር። አምና፣ ከዚህች ዥዋዥዌ ላይ፣ ያመለጠችውን አንዲት ጥግ ለማለስለስ ክንዱ ስላጠረው ቀበቶውን ፈታና ተዘረጋ። ዳንታሞ አጠገቡ ነበር፤ አንገቱ ሥር አረንጓዴዋ ነበረች፤ እያየው፣ «ተው» ማለት እንዳለበት አልታየውም። በሪፖርቱ ላይ የሟች ልጥፍ በትክክል ይሠራ እንደነበር ተረጋግጧል የሚል ተጽፏል። ሪፖርቱ አልዋሸም። የሚፈራ ሰው ያን ያህል አይዘረጋም።

«ሳጥኑን ክፈችልኝ» አለ ዳንታሞ።

በዥዋዥዌዋ ማዕዘን ላይ የአደጋ ሳጥን አለ። ውስጡ አረንጓዴዎች አሉበት። የሚከፈተው ኃላፊነቱን በወሰደው ሰው አውራ ጣት ነው።

«አንዲት ብቻ። ነፋሱ እስኪያልፍ። ለማንም አትንገሪ፤ ነገ እንደገና እጀምራለሁ። ስለ እናትሽ!»

እታፈራሁ አሰበችበት። በረጋ ልብ ነው ያሰበችው። ሰውየው እየተሠቃየ ነው። ሳጥኑ ውስጥ መድኃኒቱ አለ። ነገ መጀመር ይቻላል። ለምን አይሰጠውም የሚለውን ስትፈልግ፣ ምክንያቱን አገኘችው፤ ሦስተኛው ገመድ ነው፣ አራተኛ የለም። ግን ክብደት አልነበረውም። ሁለቱ ሐሳቦች እኩል ቀላል ሆነው ታዩዋት፤ በሁለት ጣት እንደሚነሡ ላባዎች። እጇን ዘረጋች። አውራ ጣቷ ሳጥኑን ነካ። ክዳኑ ተከፈተ።

ዳንታሞ ቀና ብሎ አያት። ፊቷን አየ፤ ልክ ሎሚቱ የላከችውን የምሳ ዕቃ ስትከፍት እንደምትሆነው ነበረች። ከዚያ ዓይኑ ወደ ገመዱ ወረደ። ነፋሱ ሁለቱንም እየናጣቸው፣ ገመዱ ከሱ ጫፍ ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ ይሄድና እሷ ጋ ሲደርስ ይሞታል።

 ከዚያ በሆዱ እየተሳበ መጣና ግንባሩን በገዛ ክንዱ ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ የሳጥኑን ክዳን ዘጋው። ቀጭ አለ።

«ምነው?» አለች እታፈራሁ።

«እንደዚህ ነበርኩ» አለ። «እሱ ሲዘረጋ እኔ ልክ እንደዚህ ነበርኩ።»

ነፋሱ ግድግዳውን በአሸዋ ገረፈው።

«‹የምታወራው ገብቶኛል› እንዳትዪኝ፣ እታለም። አልገባሽም። ሰማያዊዋ ከአንገትሽ ሥር እያለች ሊገባሽ አይችልም።»

እጇ ወደ ልብሷ አንገትጌ ሄደ። «ማን ነገረህ?»

«ገመዱ ነዋ! በመጀመሪያው ቀን። እዚህ ከፍታ ላይ የማይንቀጠቀጥ ንጹሕ ሰው የለም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። ደግሞ በሩ። እኔን ይጠይቀኛል፤ አንቺን ሰላም ብሎ ያሳልፍሻል። ለምን ይመስልሻል?»

«ካወቅክ ለምን ዝም አልክ? አንተን የያዝኩህ እኔ ነኝ። ልትወድቅ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር። አሁን ራሱ ልወድቅ ነበር።» አፍንጫውን ነፋ። እንደገና እያለቀሰ ነበር። «ግን ሌላ በምን ገመድ ልያዝሽ? ‹ነይ፣ ቁራኛሽ ልሁን› ብልሽ ትመጪ ነበር? በርሽን ነበር የምትቆልፊብኝ። ስለዚህ ‹እይዘዋለሁ› ባልሽበት ገመድ ተያዝኩልሽ። ጋሽ ቢራቱ የሚሉትን አልሰማሽም? ሁለቱ ተቋጥረው ሲሄዱ ከሳሹ የትኛው፣ ተከሳሹ የትኛው እንደሆነ መንገደኛው አያውቅም።»

«‹አንቺን እያየሁ ነው የቆምኩት› ስትለኝስ?»

«እሱም እውነት ነው። ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚናገረው ያለው ማን ነው?»

ዥዋዥዌዋ ከግድግዳው ጋር ቀስ ብላ ተነካካች። ነፋሱ መብረድ ጀምሮ ነበር። እታፈራሁ ከተገለበጠው ገንዳ ልስኑን በማንኪያ ትሰበስብ ጀመር። ምንም አልተሰማትም። የሆነ ነገር ሊሰማት ይገባ እንደነበር ግን አወቀች፤ ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው ምላሷ ባዶውን ቦታ ፈለገው።

*

ማታ በሩ ላይ ሎሚቱ እንደ ወትሮዋ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ደልደል ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ባሏን በየማታው ከእታፈራሁ እጅ ትቀበላለች። «ተረከብኩ» ትላለች፤ ቀበቶውን ይዛ ወዲህ ወዲያ ታየዋለች፣ እንደ ገዛችው በሬ። «አልተጎዳም፣ ጭረት የለውም።»

በዚያ ማታ ግን እታፈራሁ ገና ከበሩ ወዲያ ነበረች።

«እንደምን አመሹ፣ ወይዘሮ እታፈራሁ» አለ የማታው በር። «ይቀጥል?»

ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነው። ሰው ሁሉ ሰማያዊዋን ይፈልጋል። ዳንታሞ አጠገቧ ቆሞ አላያትም፤ ሰማዩን ያያል። ገመዱን ገና አልፈቱትም ነበር።

«ይቀጥል?» አለ በሩ ደግሞ፣ ባልተቀየረ ድምፅ።

ያኔ አንድ ነገር ገረማት። ዘሪሁን ከሞተ ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ብሎ አልፏል። በየማታው የሚጠይቃት በር ብቻ ነበር።

«አይቀጥልም» አለች።

«ነገ ሲመለሱ መልሰው መጠየቅ ይችላሉ። መልካም ምሽት።»

በሩ ልጥፏን ሲነቅላት ትንሽ ቆዳ ይዞ ሄደ። እታፈራሁ «እ» አለች። ሎሚቱ ያን ሰማች፤ ነጠላዋን አወለቀችና በትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ ምንም አልጠየቀችም። ከዚያ በግራ እጇ የባሏን ቀበቶ፣ በቀኟ የእታፈራሁን ያዘች።

«ሁለቱንም ተረከብኩ» አለች። «የዛሬ ነፋስ ምን የማያመጣው አለ!»

የዚያችን ሌሊትና የተከታዮቿን ነገር መተረክ አያስፈልግም። የሐዘን ሰው ያውቀዋል። ድንኳን የለም፣ ለቀስተኛ የለም፤ የተጠራቀመው ሁሉ ግን በአንድ ላይ መጣ። ሎሚቱ ጎረቤት እንዳይሰማ በር አልዘጋችም። «ይስሙ፤ ደግሞስ ማን ነው ነቅቶ የሚሰማው?» አለች።

*

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ እታፈራሁ» አለ በሩ።

እታፈራሁ ወደ ሥራ የተመለሰችበት ጠዋት ነው። ዓይኗ አብጧል። ከዳንታሞ ጎን ቆማለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። 

«የሐዘን ድጋፍዎን አቋርጠዋል። የጠዋት ልጥፍም አልወሰዱም። ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እኔ» አለ ዳንታሞ።

«አቶ ዳንታሞ፣ የጠዋት ልጥፍዎን አልወሰዱም። ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እኔ» አለች እታፈራሁ።

በሩ ዝም አለ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ከሱ ሰምተው አያውቁም። ሰልፉ ተገፋፋ፤ ከኋላ አንገቶች ተሰገጉ።

«ምን ሆነ?»

«በሩ ግራ ገባው።»

«ለጥፉለት! እሱም በርጫ ያስፈልገዋል!»

«ዋስ የሌለው ዋስ ይሆናል እንዴ?» አለ ሌላው፣ የምር እየጠየቀ።

ጋሽ ቢራቱ ከበርጩማቸው ተነሥተው፣ ገመዱን በትከሻቸው እንዳንጠለጠሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ በሩ መጡ። የእታፈራሁን ዓይን አዩ። ‹ንጹሕ ነሽ?› ብለው ጠይቀዋት ስለ ሰማያዊዋ ሳይጠይቋት መቅረታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ።

«እኔ ነኝ በቅጡ ያልጠየቅኩሽ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው በከዘራቸው ቆርቆር አደረጉት። «ሰማህ ወይ አንተ? ሰዎቹን ጠየቅክ፤ መለሱልህ። ሌላ ጥያቄ አለህ?»

በሩ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ያዘዙት ሰዎች አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር የሰጡት።

«ተመዝግቧል» አለ በመጨረሻ። «መልካም የሥራ ቀን።»

ዥዋዥዌዋ ስትነሣ ዓይኗን የጨፈነችው እታፈራሁ ነበረች።

«ስንተኛው ደረስን?» አለች።

«ገና ከመሬት አልተላቀቅንም፣ እታለም።»

«ውሸታም።»

«ግለጪና እዪ።»

ገለጠች። የዥዋዥዌዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች። ከእግሯ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ ስታየው የኖረችው ያ ቦታ ነበር፤ ዘሪሁን የወደቀበት፣ ድርጅቱ የአበባ ሳጥን ያስቀመጠበት። ዛሬ ገና ነው ያየችው። ገመዱ በመካከላቸው ተርገበገበ፤ ከሱ ጫፍ ይነሣና እሷ ጋ ሲደርስ አይሞትም፤ ከሷም ይነሣል፤ መካከል ላይ ተገናኝተው ይተራመሳሉ።

«አንተ ነህ የምታንቀጠቅጠኝ» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ! እኔማ ለምጄዋለሁ።»

ሠሩ። ቀስ ብለው ነው የሠሩት፤ ከሌሎቹ ዥዋዥዌዎች ሁሉ ኋላ ቀሩ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አንዳንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ አለሰለሰችው። ፀሐይ ጫፉን ስትነካው የመጀመሪያው ግድግዳ አለቀ። እታፈራሁ ማንኪያውን ገለበጠችና በእጀታው ሁለቴ መታ መታ አደረገቻት።

ያኔ ሰማችው። ትንሽ የሻከረች፣ ቃሉን ከመጨረሱ በፊት ፈገግ የሚልባት የዘሪሁን ድምፅ መጣች። እታፈራሁ ግንባሯን እርጥቡ ልስን ላይ ልታሳርፍ ምንም አልቀራትም።

«በርቺ» አለች ግድግዳዋን። እንባዋ አገጯ ላይ ነበር።

ዳንታሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔንስ? በርታ አትዪኝም? ይቺ ግድግዳ ከኔ በምን ትበልጣለች?»

እታፈራሁ ዞራ አየችው። ይህ ጎሽ የሚያህል ሰው፣ ልስን በልስን ሆኖ፣ አፍንጫው ቀልቶ ተንበርክኳል።

«አንተ ገና አልደረቅክም» አለችው።

ሳቀች፤ ከሚበቃው በላይ። ገመዱ ሳቁንም ይዞት ሄደ።